የጥቅምት ሃያ ደብዳቤ

ዲላ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባህሩዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ስል አንተ እዚያ ማረሚያ ቤት ቁጭ ብለህ «ስንት ሆናችሁ?» እንደምትል አውቃለሁ። ሦስት ሆነናል። መስከረም 28 ጠዋት ወንድ ልጅ ተገላገልኩ።

ቀኗ አልፎ ዝም አለችኝ ብለህ በሳዳም በኩል ተቆጥተህብኛል። እውነትህን ነው፣ ይቅር በለኝ። ሳዳም መኪናውን ይዞ ሐሙስ ወደ ሞያሌ ሲያልፍ ገና በሁለተኛ ቀኔ ነበር፤ መቀመጥም አልቻልኩም። ይህን ወሬ ደግሞ ሹፌር እንዲነግርህ አልፈለግኩም። በእጄ ልጽፈው ብዬ ነው።

ማንን ይመስላል እንደምትልም አውቃለሁ፤ አንተን ነው፣ ምን አደርጋለሁ። የግራ ጆሮው ጫፍ እንዳንተው ታጥፏል። በጣት ሲነኩት ቀና ይልና መልሶ ይታጠፋል። ፀጉሩ ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ወደ ቀኝ ተኝቷል። ሲያዛጋ ድምፅ ያወጣል። እንዴት አድርጌ ብጠቀልለው ግራ እግሩን ያወጣዋል፤ መልሼ ሳስገባው ይኮሳተራል፣ ግን አያለቅስም። ሲጠባ አንድ ጣቴን ይዞ ነው፤ ካልያዘ አይጠባም። ይህን ሁሉ የምዘረዝርልህ ፎቶ ስለማልልክልህ ነው። እህትህ ፈርዶሳ «አርባው ሳይሞላ ፎቶ አይነሳም፣ ዓይን ይበላዋል» ብላ ስልኬን ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋብኛለች። አርባው ሲሞላ ራሷ ታነሳዋለች።

ወረቀቱን ገልብጠው፤ የሱመይራ ወሬ ከጀርባው ነው። ሌላ ወረቀት የለኝም።

አከራያችን እትዬ ፀዳለ ዘንድሮ ቡናዋን እዚሁ ግቢ ነው የምታደርቀው። ስድስት የሽቦ አልጋ አስተክላ መተላለፊያ አሳጥታናለች። ደመና ባየች ቁጥር «ሸፍኑ! ሸፍኑ!» ትላለች፤ የግቢው ሰው የያዘውን ጥሎ ላስቲክ እየጎተተ ይሮጣል። ልጅህ ከሁላችን ቀድማ ትወጣለች። እትዬ ፀዳለ «የኔ ፎርማን» ብላ ስላሞገሰቻት አሁን የማትሸፍነው ነገር የለም። ጫማዋን ትሸፍናለች። ድመቷን ሸፍና ተቧጭራለች። የቤታችን ጣሪያ እንደምታውቀው ከአልጋችን በላይ ያፈሳል፤ ሳፋ አስቀምጬበት ነበር። ትናንት ውኃው ጠብ ጠብ ሲል ሰምታ ሳፋውን እንዳይረጥብ ሸፈነችው። አራስ ሆኜ መሳቅ ያመኛል እንጂ በጣም ስቄ ነበር።

ረህማ

*

ያቤሎ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለረህማ፣ ለሁለት ልጆቼ እናት፣

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽን በር ላይ ያለው ጥበቃ ከእኔ ቀድሞ አንብቦ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለኝ። ሙስሊም መሆኔን አሳምሮ ያውቃል፤ ደስ ስላለው ረሳው። እኔ ግን የልጄን ጆሮ ከእኔ በፊት ስላወቀብኝ ትንሽ ተቀይሜዋለሁ።

ስሙ ዘከርያ ይሁን፣ በአባቴ ስም። ለስም ማውጫው፣ ለአቂቃው የሚታረደውን በግ ሳዳም ይገዛልሻል፤ ከእሱ ጋር ጨርሰናል።

ትተኛለህ ወይ ብለሽ በሳዳም ልከሻል። አልዋሽሽም፣ ብዙም አልተኛም። ስሸልብ እኚያ ሽማግሌ ይመጡብኛል፤ መንገዱ መሃል እጃቸውን አንስተው። ፍሬኑ እንቢ ማለቱን ዳኛው ሰምቷል፣ ሁለት ዓመትም ፈርዶብኛል፤ ለእሳቸው ግን ማን ይነግርልኛል? ልጅ ተወለደልህ ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የእሳቸውን ልጆች ነው። ይቅር፣ የደስታ ደብዳቤ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ለሱመይራ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ሱሚ፣ የአባ ፎርማን። የእትዬ ፀዳለን ቡና የሚሸፍን ብዙ ሰው አለ። ዘከርያ ግን ያንቺ ቡና ነው። ጣሪያው ያፈሳል አሉኝ። ዝናብ ሲመጣ የሰውን ቡና ተዪና መጀመሪያ ወንድምሽን ሸፍኚ። አባ መጥቶ ጣሪያውን እስኪያድስ እንዳይረጥብ ጠብቂልኝ፣ እሺ?

ጥጉን ሻይ ነክቶታል፤ የደስታ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ባህሩዲን

*

ዲላ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባህሩዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። አቂቃው ወጥቷል። ስሙንም ሰው ሁሉ ወዶታል፤ ፈርዶሳ አባቷ የተነሱ ይመስል አለቀሰች።

በሳዳም በኩል በደንብ ትበያለሽ ወይ ላልከኝ፣ እበላለሁ። ትተኛለህ ወይ ብዬ ስለጠየቅኩህ እኔንም ጠይቀኸኛል፤ እኔ ግን አልተኛም። ቀን ቀን ከተኛሁ ማን ልብስ ያጥባል? የማታውቀውን ልንገርህ፣ ያለፉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ሱመይራ ጡት ካልሰጠሽኝ ብላ እንደገና ትጮህ ጀመር። ትታው የነበረውን ልብሷ ላይ መሽናት እንደገና ጀመረች። አንድ ቀን ልጁን ከእጄ ጎትታ ልታወርደው ስትል በጥፊ መታኋት። መትቼያት ሳበቃ ሦስታችንም አለቀስን። እናት መሆን ጀግንነት ነው የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን እኔ ቤት ይዋሉ።

ደብዳቤህ ነው ያዳነኝ። አነበብኩላት። ድገሚ አለች፣ ደገምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጡትም አትጠይቅም። ዘኪ ሲተኛ አጠገቡ ቁጭ ብላ በበሩ ሰማይ ሰማዩን ታያለች። ማታ ደብዳቤህን ትራሷ ስር ካላደረግኩላት አትተኛም። ወንድሟን ወደደችው፣ ባህሩዲን። እጁን ስማ «የኔ ቡና» ትለዋለች። በዚህ ወር ዝናብ ይቆማል ሲባል ባሰበት፤ እትዬ ፀዳለ ሰማዩን እያየች ትራገማለች።

አርባው ኅዳር 8 ይሞላል። ፎቶውን ሳዳም በዚያው ሳምንት ያመጣልሃል።

ረህማ

*

ዲላ፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባህሩዲን፣

ሳዳም መልእክቱን አድርሶ፣ እዚያ አብረውህ ያሉት ወንድሞች ከሱብሂ ሶላት በኋላ አስቀምጠው እንደነገሩህ ሰማሁ። እንደዚያ ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ። ብቻህን ሆነህ እንድትሰማው አልፈለግኩም።

እንዴት ሆነ ብለህ ልከሃል። አጭር ነው። ኅዳር 5 ሐሙስ፣ ቀን ላይ፣ አጠገቤ አስተኝቼው እንቅልፍ ወሰደኝ። ተጫንኩት። ስነቃ አልነበረም። ሱመይራ ያን ጊዜ ውጭ ነበረች፤ ምንም አላየችም። ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ፈርዶሳ አጠበችው። ከአሱር ሶላት በኋላ ቀበሩት። እናት አትሄድም አሉኝ፣ ቀረሁ። አርባው ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ፈርዶሳ ስልኬን መልሳልኛለች።

አላህ ይሰጣል፣ አላህ ይወስዳል። እኔን አፉ በለኝ አልልህም።

ረህማ

*

ያቤሎ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረህማ፣

ሰላምታ የለኝም። ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ነው መጻፍ የጀመርኩት፤ ሦስቱን ቀድጄ ይህ አራተኛው ነው።

ላም እንኳ ጥጃዋ ላይ አትተኛም።

የልጄን ፊት አላየሁም። አንድ ወረቀት አለኝ፣ አንቺ የጻፍሽልኝ። ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ አወጣውና ጆሮውን አነባለሁ፣ እግሩን አነባለሁ። ከዚያ ያንቺን የኅዳሩን አነባለሁ። «ተጫንኩት»። አንዲት ቃል። ቀን ከተኛሁ ማን ያጥባል ያልሽኝ ሴት።

ሱመይራ እንዲህ ካለች እናት ጋር አታድግም። ለፈርዶሳ ጽፌአለሁ፤ ታኅሣሥ ሲያልቅ መጥታ ትወስዳታለች። ስለ አንቺና ስለ እኔ ስወጣ እንነጋገራለን፤ የምንነጋገረው ግን ብዙ አይመስለኝም።

ስለ ልጅቷ ጻፊልኝ። ትበላለች? ስለ ወንድሟ ምን ትላለች? አሁንም ቡና ትሸፍናለች? ከዚህ ውጭ ምንም አትጻፊልኝ።

ባህሩዲን

*

ዲላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባህሩዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። የላሟን አንብቤዋለሁ። ልክ ነህ። ፈትቼሻለሁ ብትለኝም አልከራከርህም፤ ሽማግሌም አልልክም።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ፤ ከዚህ በኋላ አልለምንህም። ሱመይራን ለፈርዶሳ አትስጣት። ፈርዶሳ ትወዳታለች፣ አውቃለሁ። ግን ፈርዶሳ ጠያቂ ናት፤ ሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ሳታወጣ እንቅልፍ አይወስዳትም። ልጅቷን ስለዚያ ቀን ማንም እንዲጠይቃት አልፈልግም። ዛሬም፣ ስታድግም። ከእኔ ልትወስዳት ከሆነ ቡሌ ላለችው እናቴ ስጣት። እናቴ ጆሮዋ ከብዷል፣ ሱቋን ከፍታ ትዘጋለች እንጂ ወሬ አትጠይቅም። ልጅቷ ከእኔ ትራቅ፤ ብቻ ከጥያቄ ጋር አትደር።

ትበላለች። ስለ ወንድሟ ምንም አትልም። ትሸፍናለች ወይ ላልከው፣ ትታዋለች። የሚሸፈንም የለም፤ እትዬ ፀዳለ ቡናዋን ወደ ወንድሟ ግቢ አስወስዳለች። የሽቦ አልጋዎቹን አስነቅላ ላስቲኩን አቃጠለችው። ግቢው ባዶ ሆኗል።

ረህማ

*

ያቤሎ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረህማ፣

ይህን ደብዳቤ ጥበቃው አያነበውም። ሳዳም ካልሲው ውስጥ አድርጎ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ እንደ ልቤ እጽፋለሁ።

እትዬ ፀዳለን ስድስት ዓመት አውቃታለሁ። የተቀደደ ጆንያ ሰፍታ የምትጠቀም ሴት ናት። ቡና ገና ሳይደርቅ በታኅሣሥ ላስቲክ የሚያቃጥል ሰው ዲላ ውስጥ የለም። ይህን አንብቤ ሁለት ቀን አልዋጥልህ አለኝ። ሳዳም ሲመጣ ያዝኩት። ያ ሐሙስ እንዴት ያለ ቀን ነበር አልኩት። ስድስት ሰዓት ላይ ዝናብ ድንገት ወርዶ መኪናውን መናኸሪያው አጠገብ አቁሞ እንደነበር፣ የሰው ቡና በጎርፍ ተጠርጎ አስፋልት ላይ ሲወርድ እንዳየ ነገረኝ። ታዲያ ግቢው «ሸፍኑ» እየተባለ፣ ሰው እየሮጠ፣ አንቺ ብቻ ተኝተሽ ነበር?

አልተኛሽም። ከሁሉም ጋር ወጥተሽ የሰው ቡና እየሸፈንሽ ነበር። ሱመይራ ግን አልወጣችም። ልጄ የታዘዘችውን እያደረገች ነበር። ያዘዛት ደግሞ ማን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ጮክ ብለሽ አንብቢላት ብዬሻለሁ።

መልሺልኝ አልልሽም። ለእሷ ብለሽ ብቻ ቢሆን ይገባኝ ነበር፤ ለእኔም ብለሽ ነው የዋሸሽው። የእኔን ቃል ከእኔ ደብቀሽ በራስሽ ላይ ጫንሽው። እኔ ደግሞ ስለ ላም ጻፍኩልሽ። ረህማ፣ ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ አይበቃም፤ ሌላ ቃል ግን አላውቅም።

ለፈርዶሳ እንደገና ጽፌአለሁ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፣ የሆነው የአላህ ውሳኔ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለዚያ ቀን በቤታችን የሚያነሳ ሰው ወንድም የለኝም ይበል ብዬ። ትፈራኛለች፤ ታከብረዋለች።

እኔ ሳላስብ ሰው ገድያለሁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ ጠንካራ ሰው ነህ ይሉኝ ነበር፣ ግን ሽማግሌውን መሸከም አቅቶኛል። ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ይህን አትሸከምም። አድጋ እንኳ ቢሆን አትሸከምም። ስለዚህ ወረቀት አይቅር።

የጥቅምት ዘጠኙን ደብዳቤሽን ዛሬ ጠዋት አቃጠልኩት። የሱመይራ መሸፈን እዚያ ስላለ ነው። ጆሮው ያለበትን ፊት ላስቀር ፈልጌ ነበር፤ ከጀርባው እሷ ናት። በምላጭ ልሰነጥቀው ሞከርኩ። ወረቀቱ ስስ ነው፣ አልሆነም። በቃሌ እስክይዘው አንብቤ ለኮስኩት። ልጄን ያየሁት እዚያ ላይ ብቻ ነበር።

የጥቅምት ሃያውን የእኔን ደግሞ አንቺ አቃጥዪው። ዛሬውኑ።

ባህሩዲን

*

ዲላ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባህሩዲን፣

አሰላሙ አለይኩም። ይህም በካልሲ ነው የሚመጣልህ፤ ሽታውን ይቅር በለኝ።

መልሺልኝ አልልሽም ብለሃል፤ እኔ ግን ለአንድ ሰው ካልነገርኩ አልችልም። ሦስት አልጋ ሸፍነን ስመለስ በሩ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ላስቲኩን ዘኪ ላይ አጥፋ፣ ደራርባ፣ ጠርዙን ፍራሹ ስር ሸጉጣዋለች፤ እትዬ ፀዳለ እንዳስተማረቻት፣ ነፋስ እንዳይገልጠው። «እማ፣ አልረጠበም» አለችኝ። እየሳቀች ነበር። እኔም ሳላይ «ጎበዝ» አልኳት። ይህችን ቃል ለማንም አልተናገርኩም። እትዬ ፀዳለ ተከትላኝ ገብታ አብራ አይታለች፤ ለማንም ላትናገር በማርያም ምላልኛለች።

ዘኪ የት ሄደ ትለኛለች አሁን፣ ስለ እሱ መናገር ጀምራለች። ጀነት ነው እላታለሁ። ትናንት «እዚያ ጣሪያው ያፈሳል?» አለችኝ። አያፈስም አልኳት። ከዚያ ዳቦ ጠየቀችኝ።

ደብዳቤህን አላቃጠልኩትም። አትቆጣ፣ ስማኝ። ከሰሉ አጠገብ ይዤው ሳለሁ መጣች። «የአባ ደብዳቤ» ብላ ከእጄ ወሰደችው። አሁንም ማታ ማታ ትራሷ ስር ካልሆነ አትተኛም፤ አንብቢልኝ ትላለች፤ አነባለሁ። እዚያ ቦታ ስደርስ ግን ሌላ ነገር ነው የማነበው፣ ከራሴ አውጥቼ። መጀመሪያ ሰሞን «እንደሱ አይደለም» አለችኝ። አሁን ረስታዋለች፤ የእኔን ለምዳዋለች። ልጅ መሆኗ በዚህ በጀን። ግን ወረቀቱን አውቃዋለች፤ የሻዩን ምልክት በጣቷ እየዞረች ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። አቃጥዬ ጠፋ ብላት ትፈልገዋለች፤ ስትፈልግ የኖረች ልጅ ደግሞ አንድ ቀን ትጠይቃለች። ሳላቃጥለው ከቀረሁ ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ታነበዋለች።

ስለዚህ ያንን ደብዳቤ እንደገና ጻፍልኝ። በዚያው ዓይነት ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ። ጥቅምት 20 በልበት። ሻዩን ግራ ጥጉ ላይ አፍስስበት፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ሰፋ አድርገው። ያን ቀን እንደተደሰትከው ተደስተህ ጻፈው። እንደማይቻል አውቃለሁ፤ ቢሆንም ጻፈው። እሷ ተኝታ ሳለች እቀይረዋለሁ።

ስለ ላሟ አንተም እርሳው። እኔ ረስቼዋለሁ አልልህም፤ እየሞከርኩ ነው።

ረህማ

*

ያቤሎ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለረህማ፣ ለሁለት ልጆቼ እናት፣

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽን በር ላይ ያለው ጥበቃ ከእኔ ቀድሞ አንብቦ «እንኳን ማርያም ማረችልህ» አለኝ። ሙስሊም መሆኔን አሳምሮ ያውቃል፤ ደስ ስላለው ረሳው።

ስሙ ዘከርያ ይሁን፣ በአባቴ ስም። እንደጻፍሽልኝ በዓይኔ ስዬዋለሁ። የግራ ጆሮው ጫፍ እንደኔ ታጥፏል፤ በጣት ሲነኩት ቀና ይልና መልሶ ይታጠፋል። ፀጉሩ ጥቁር ነው፣ ግንባሩ ላይ ወደ ቀኝ ተኝቷል። ሲያዛጋ ድምፅ ያወጣል። ሲጠቀልሉት ግራ እግሩን ያወጣዋል፤ መልሰው ሲያስገቡት ይኮሳተራል፣ ግን አያለቅስም። የእናቱን ጣት ካልያዘ አይጠባም። ምንም አልረሳሁም።

ቀጥሎ ያለውን ለሱመይራ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ሱሚ፣ የአባ ልጅ። አንቺ ጎበዝ እህት ነሽ፤ ወንድምሽን ስትወጂው እናትሽ አይታሻለች፣ ለእኔም ጽፋልኛለች። ዝናብ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ተዪና ወደ እናትሽ ሩጪ፣ ቀሚሷን ያዢ። ያንቺ ሥራ ይኸው ብቻ ነው። ጣሪያው የእኔ ሥራ ነው። ወንድምሽን መጠበቅም የእኔ ሥራ ነው፣ እሺ?

ጥጉን ሻይ ነክቶታል፤ የደስታ እጅ ይንቀጠቀጣል።

ባህሩዲን